ቢዱድ በኤን ጋኒም

በአውጉስት መጀመሪያ፣ ሰኞ ከሥራ መልስ፣ በኤን ጋኒም ሰፈር ባለው አሮጌ ሕንፃ ሚቅላት፣ በቦምብ መጠለያው ውስጥ፣ የተሰበሰቡት እነዚህ ነበሩ፦ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኤሊሻይ፣ ጋሼ አጥናፉ፣ እትዬ አሰፋች፣ ከላይኛው ፎቅ እትዬ ፋንትነሽ፣ የእሳቸው ልጅ ሃዳር፣ ከቀሩትም ቤቶች አንድ አንድ ሰው። ሚቅላቱ ማዝጋን፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ ስለሌለው ሁሉም ባገኘው ነገር ፊቱን ያራግብ ነበር።

ሃዳር ኪርያት አርዬ በሚገኝ ቢሮ ሕንፃ ትነድፋለች። ያደገችበትን ይህን ሕንፃ ለማደስ ያዘጋጀችውን ንድፍ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። ነዋሪዎቹ ዛሬ ከተስማሙ ሥራው ይጀመራል፤ ካልተስማሙ የእድሳቱ ዕድል ለሌላ ሰፈር ያልፋል። ለእሷ ግን ነገሩ ከዚህም ይበልጣል። ባለፈው በጋ እናቷ በሙቀት ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ወንድሟ ቢልልኝ፣ «ቤቱ እንዲህ ከሆነ ክፋር ጋኒም ሰፈር፣ እኔ ቤት ትገባለች» ብሎ ቆርጧል። ፋንትነሽ ደግሞ ከጎረቤቶቻቸው መለየትን እንደ ሞት ይፈሩታል።

«ከእንግዲህ አብዛኛው መብራት የሚመጣው ከፀሐይ ነው» ብላ ጀመረች ሃዳር። «ቀን ቀን ይተርፋል። ፀሐይ ስትገባ ግን ያንሳል፤ ሰው ሁሉ ማዝጋኑን የሚከፍተውም ያኔ ነው። ስለዚህ ቤቱ ራሱ መለወጥ አለበት።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር።

«መጀመሪያ ሁሉንም ቤት ቢዱድ እናደርጋለን» አለች።

ቢዱድ በዕብራይስጥ ሙቀትና ብርድ እንዳያልፍ ግድግዳን መሸፈንም ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ቃሉን የሚያውቁት ከኮሮና ጊዜ፣ ሰው ቤቱ ተዘግቶበት ሲቀመጥ ነው። አጥናፉ ተነሡ።

«ምን አልሽ?»

«ቢዱድ፣ ጋሼ። ከላይ እስከ ታች።»

«ለስንት ጊዜ?»

ጥሩ ጥያቄ መሰላት፤ ደስ አላት። «ሠላሳ ዓመት ዋስትና አለው!»

«ሠላሳ ዓመት!» አሉ አሰፋች። «ታዲያ ሬሳችንን በመስኮት ልታወጡት ነው?»

«ባለቤቴን የቀበርሁ ጊዜ ቢዱድ ብላችሁ ለቀስተኛ ከለከላችሁኝ» አሉ አጥናፉ። «ብቻዬን አለቀስሁ። አሁን ደግሞ ሠላሳ ዓመት? አልስማማም!»

ወደ በሩ አመሩ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው መነሣት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይኼ ያ ቢዱድ አይደለም! ሌላ ቢዱድ ነው!» ኤሊሻይ ጮኸ።

«ሌላ ደግሞ መጣ?»

ሃዳር ያኔ ገባት። ፊቷ ጋለ። ወደ እናቷ ዞራ ይህ ቢዱድ በአማርኛ ምን እንደሚባል በዕብራይስጥ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ምን አውቄ?» አሉ ፋንትነሽ። «በያዝሽው አማርኛ ንገሪያቸው፣ ልጄ። ሳይሄዱ!»

«ቆዳ!» አለች ሃዳር። «ቤቱን ቆዳ እናለብሰዋለን።»

«እንደ ከበሮ?» አሉ አሰፋች። ሚቅላቱ በሳቅ ተሞላ። አጥናፉም በሩ ላይ ቆም አሉ።

«እንደሱ አይደለም! ያ... ክዳን ያለው። መንገድ ሲኬድ ምግብ የሚያዝበት።» በሁለት እጇ ክብ ሠራች።

«አገልግል!» አሉ ሦስት አራት ሰዎች ባንድ አፍ።

«አዎ! ቤቱን አገልግል አደርገዋለሁ!»

አጥናፉ ተመለሱ። «ቆይ እስቲ። አገልግል የሞቀውን እንደሞቀ ነው የሚያቆየው። በሙቀት እየሞትን ጭራሽ ልትከድኝብን ነው?»

ሃዳር አሁን አልፈራችም። «የሞቀ ቢያስገቡበት ሙቅ ይቆያል። የቀዘቀዘ ቢያስገቡበትስ?»

አጥናፉ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ቀን፣ መብራቱ ሲተርፍ፣ ቤቱን እናቀዘቅዘዋለን። ፀሐይ እንዳትመታው ከመስኮቱ ውጭ ጥላ እንሠራለን። ሲመሽ በያዘው ቅዝቃዜ ያድራል። ዓርብ ፀሐይ ከገባች በኋላ ማንም ምንም አይነካም።»

«ቤቱም ሰንበት ያከብራል በይኛ!»

«ያከብራል፣ ጋሼ።»

«ጎረቤትስ? ይገባል?»

«እንደ ልቡ ይግባ። በሩን መዝጋት ብቻ አይርሳ።»

«በሰደር፣ እሺ» አሉና አጥናፉ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ በኋላ ያልተነሣ እጅ አልነበረም። ፋንትነሽ እልል ሲሉ የሚቅላቱ ግድግዳ አስተጋባ፤ ኤሊሻይ እየሳቀ ጆሮውን ያዘ።

ሥራው በቀጣዩ ጸደይ አለቀ። በአውጉስት፣ ሙቀቱ በበረታበት ዓርብ፣ ቢልልኝ ሰንበት ሳይገባ እናቱን ሊወስድ ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ። ፀሐይ ልትገባ ስትል የሰፈሩ ማዝጋን ሁሉ ማጓራት ጀመረ። የእነሱ ሕንፃ ግን ድምፅ አልነበረውም። የፋንትነሽ ሳሎን በጎረቤት ተሞልቷል፤ አሰፋች እንዲያውም ነጠላቸውን ደርበዋል።

«ማዝጋኑ የታለ?» አለ ቢልልኝ።

«ቀን አቀዝቅዞ ጠፍቷል» አለች ሃዳር።

በመዳፉ ግድግዳውን ነካው፤ ቀዝቃዛ ነበር። ሌላውን ግድግዳም ሄዶ ነካው።

«እማ፣ ልብስሽን ላዘጋጅ?»

«የት ልሄድ?» አሉ ፋንትነሽ። «ይልቅ አንተ ተቀመጥ። ክፋር ጋኒም ዛሬ ይሞቃል።»

«ሻንጣህን ሂደህ ሙላና አንተው ግባ!» አሉ አጥናፉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

ቢልልኝ ያን ሌሊት እዚያው አደረ። ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ የሌላ መንገድ ነዋሪዎች ሃዳርን ጠርተው ለሕንፃቸው ንድፍ አዘዙ።