የማይከፈት አድራሻ

የተናኘ እናት ወይዘሮ አልማዜ ከሰው የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ስሞት የድሮ ሰፈሬ ሰው ይቅበረኝ፤ ሌላ አልፈልግም።"

የድሮ ሰፈራቸው ደግሞ የለም። ከ18 ማዞሪያ ጀርባ የነበረው መንደር በአንድ ሳምንት ፈርሶ፣ ሰዉ ግማሹ ሳንሱሲ ገባ፣ ግማሹ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ የቀረው የት እንደደረሰ እንጃ። ያልፈረሰው እድሩ ብቻ ነው። እሱም አቅም ሲያንሰው ወይዘሮ አልማዜ ከሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም እድር ጋር ተዋሃደ። ጡሩምባ መንፋት ቀርቶ፣ ለቅሶ ሲኖር በየአባሉ ስልክ መልእክት እንዲላክ ተወሰነ። የሁለቱን እድር መዝገብ አንድ ላይ የማድረጉ ሥራ ለተናኘ ተሰጠ። ማዞሪያው አጠገብ ካለው ማሠልጠኛ ገብታ ኮምፒውተር መማር ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፤ ለእድሩ ሽማግሌዎች ሁለት ወር የተማረ ሰው ሊቅ ነው።

እናትየዋ ደስታቸውን አልቻሉትም። "የሰፈሬን ሰው መልሳ የምትሰበስብልኝ ልጄ ናት" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ።

ሁለቱም መዝገቦች ኤክስኤምኤል በሚባለው አጻጻፍ የተዘጋጁ ናቸው፤ እያንዳንዱ መረጃ ስያሜ ይሰጠዋል። ችግሩ ሁለቱም "ቀን" የሚል ስያሜ አላቸው። በሰፈሩ እድር "ቀን" አባሉ የተመዘገበበት ነው። በኮንዶሚኒየሙ እድር ግን አባሉ የሞተበት ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ባዶ ይተዋል። መልእክት የሚልከው ፕሮግራም የኮንዶሚኒየሙ ስለሆነ ቀን የተሞላለትን ሰው ይዘለዋል። ለሞተ ሰው መርዶ አይላክም።

አስተማሪዋ ኤባ ሳይሰለች አስረዳት። "እዚህ ክፍል ሁለት ኤቢሴዎች አሉ አይደል? ኤቢሴ ብዬ ብጠራ ሁለቱም ይነሳሉ። የቦሩ ልጅ፣ የጃለታ ልጅ ብል ግን አለቀ። ኔምስፔስ ማለት ይኸው ነው።"

ከዚያ ከፋይሉ አናት ላይ ሁለት አድራሻ ጻፈላት፤ አንዱ የሰፈሩ እድር፣ አንዱ የኮንዶሚኒየሙ። ከእያንዳንዱ "ቀን" ፊት የማን ቀን እንደሆነ የምትናገር አጭር ምልክት እንድትጨምር፣ የምልክቷም ባለቤት ከላይ ባለው አድራሻ እንደሚታወቅ ነገራት። ተናኘ "ገባኝ" አለች። ግማሹ ገብቷት ነበር።

በማግስቱ ቤቷ ስትሠራ አጉል ብልጠት መጣባት። አድራሻዎቹ የድረ ገጽ አድራሻ ይመስላሉ። የሰፈሩን እድር አድራሻ ቀድታ ኢንተርኔት ላይ ብትሞክረው "እንዲህ ያለ ገጽ የለም" አላት። ሁለተኛውም እንደዚያው። 'ኤባ ተሳስቷል' አለች በሆዷ፤ ምንም የሌለበት አድራሻ ምን ይሠራል? አድራሻው የሚከፈት በር ሳይሆን መለያ ስም መሆኑን ኤባ በአንድ ደቂቃ ይነግራት ነበር፤ ግን አላዋቂ መባልን ፈራች። አጠፋቻቸው። ወዲያው ፕሮግራሙ ምልክቶቹን አላውቃቸውም ብሎ እምቢ አለ። እነሱንም ነቀለቻቸው። ፕሮግራሙ ዝም አለ። ዝም ሲላት የተስተካከለ መስሏት፣ ደረቷን ነፍታ ለሊቀመንበሩ ለአቶ መሸሻ አስረከበች።

በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ አልማዜ ድንገት አረፉ። ከተዋሃደው እድር የወጣው የመጀመሪያው መልእክት የእሳቸው ሆነ። ሐዘን የገባበት ቤት ራሱ አይጠራም፤ የሚጠራው እድሩ ነው። ስለዚህ ተናኘ ለማንም አልደወለችም፤ ቁጭ ብላ የሰፈሩን ሰው ጠበቀች።

አንድም አልመጣም። የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች መጡ፤ ጨዋ ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አስከሬኑን የተሸከሙት ግን የሟቿን ስም ከስልካቸው ላይ ያነበቡ ሰዎች ነበሩ። ተናኘ ከለቅሶዋ ይልቅ ንዴቷ በለጠ። ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው እንዲህ ይጨክናል?

በሠልስቱ ከሳንሱሲ አቶ ነገሬ መጡ፤ በፊት ቤታቸው ከእነ ተናኘ ቤት ግድግዳ ይጋራ ነበር። ታክሲ ውስጥ በአጋጣሚ ሰምተው ነው። ድንኳኑ በር ላይ ቆመው አልቀመጥም አሉ።

"አልማዜን ቀበራችኋት አሉ። ምነው፣ እኛ ሞተናል?"

"መልእክት ተልኮልዎ የለም ወይ ጋሼ?"

"ለማን? ለእኔ? ምንም አልደረሰኝም።"

ተናኘ ኮምፒውተሯን አምጥታ ከፈተች። ስማቸውን አገኘችው፤ ከጎኑ ቀኑ ተሞልቷል። አቶ ነገሬ መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ።

"ጥቅምት አራት፣ ሰማንያ ሰባት። ይሄማ እድር የገባሁበት ቀን ነው። ያስመዘገበችኝም አልማዜ ናት።"

"እዚህ ግን የሞቱበት ቀን ሆኗል ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲከፈት ምንም የሌለበት አድራሻ ብዬ የሰፈራችንን አጠፋሁት።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። "ሰፈራችንም'ኮ ብትሄጂ ምንም የለበትም" አሉ። "ስንት ነን የሞትነው?"

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።" ከነዚህ አንዷ እናቷ ነበሩ፤ ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት በፊት በገዛ ልጃቸው እጅ መዝገቡ ላይ ሞተዋል።

"በይ ደውዪላቸው። እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ።"

ደወለች። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ስልኩን እንዳነሱ ድምፅዋን ለዩት፤ መርዶውን ሲሰሙ አለቀሱ። ከዚያ አፍንጫቸውን እየጠራረጉ፣

"ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው ልጄ?" አሉ። "ይኸው ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ።"