የሳኖባር ወንበር

«በወር?» አለ ቶይር። «ይህን ሁሉ በየወሩ?»

እህቱን ከቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንደ ወጉ ካባውን ደርቦ፣ ወገቡን በመቀነት ታጥቆ የግቢው በር ላይ ለቅሶ ደራሽ እየተቀበለ ቆሟል። ከፈርጋና ከተማ የመጣውን ነጋዴ ወዳጁን ግን የያዘው በሌላ ወሬ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ነበር የሚጠይቀው። ነጋዴው አፍሮ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ደህና ሰው ከዚያ ባነሰ እንደማይገኝ፣ እሱም ቢሆን ግማሽ ቀን ብቻ እንደሚሠራ ነገረው።

እናቱ ሆሺያት ከበሩ ጀርባ፣ ከሴቶቹ መሀል ሆና ሰማች። ጆሮዋ ክፉ ነገር አያመልጠውም። ጎረቤት ያመጣውን ሩዝ እያነሣች ለልጅ ልጇ ለሜህሪ ታጎርሳለች። ልጅቱ እናቷ ከሞተች ወዲህ እህል ቀመሰች አይባልም፤ ሻሿ ስስ ነው፣ የተቀመጠችበት ደግሞ ነፋስ ያገኘዋል። «ብዪ የኔ ልጅ፣ አንቺ ደግሞ እንዳትታመሚብኝ» ትላታለች። በመስከረም ሜህሪ ፈርጋና ሄዳ የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ነው። አያቷን እንቅልፍ የነሣት ይህ እንዳይቀር ነው።

ሴቶቹ ሻይ እየጠጡ ሟቿን ያነሣሉ።

«ለወንድሟ ቀኝ እጁ ነበረች» አለች ጎረቤታቸው ቱርሱኖይ። «አንድ ቀን ምሬት ከአፏ አልወጣም።»

ሆሺያት ለሜህሪ ሌላ ጉርሻ አነሣች። ምሬቱማ ወጥቶ ነበር፤ የሚሰማ ጠፋ እንጂ።

ሟቿ ሳኖባር ከባሏ ተፋትታ ሜህሪን አቅፋ ስትመለስ፣ ቶይር የሐር ሽመና ቤቱን ገና መክፈቱ ነበር። ሒሳብ ተምራለችና አንድ የጥጥ ፋብሪካ ሊቀጥራት ፈልጎ ነበር። ቶይር ግን የወንድም ቤት እያለ ለባዕድ መሥራት ነውር ነው ብሎ አስቀራት። ከቀለም ማሰሮዎቹ አጠገብ፣ ጥግ ላይ አንድ ወንበር ሰጣት። የክሩ ግዥ፣ የሸማኔዎቹ ደመወዝ፣ የግብሩ ነገር ሁሉ በእሷ እጅ አለፈ። ከሸማኔዎቹ ጋር ምሳ ትበላለች፤ ደመወዟም ያው ምሳው ነበር። ለበዓል አንድ ቁራጭ ሐር ይሰጣታል፣ ያውም ሽመናው የተበላሸውን።

ባለፈው ክረምት ራስ ምታቱ ሲጠናባት ለመነችው።

«ወንድሜ፣ ሰው ቅጠር። እኔ ሥራውን አሳየዋለሁ፤ ከዚያ ትንሽ ልረፍ።»

ቶይር ሳቀ። «ግቢው ውስጥ ጉድጓድ እያለው ውሃ የሚገዛ ማን አለ?»

በግብር ሰሞን እዚያው ወንበር ላይ ራሷን ሳተች። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። አስከሬኑ ሲወጣ የሰፈሩ መስጊድ አሰጋጅ ሙላው «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ብለው ሕዝቡን ሲጠይቁ፣ ከሁሉ ቀድሞ «ደግ ሰው ነበረች» ያለው ቶይር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙላው ተመልሰው መጡና ከወይኑ ጥላ ሥር መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ወንዶቹ ዙሪያቸውን፣ ሴቶቹ በረንዳው ላይ። ቶይር ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንሾካሾከ። ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እናቷን ያጣችው ሜህሪ በአጎቷ ጥላ ሥር፣ በእናቷ ወንበር ተቀምጣ ሒሳቡን እንድትይዝ፣ አላህ በረከቱን ያውርድላት።»

የግቢው መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ። «አሚን» ተብሎ መዳፍ ፊት ላይ ካለፈ ነገሩ ታሰረ ማለት ነው፤ ያንን የሚያፈርስ ሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። ቶይርም የተማመነው በዚሁ ነው፤ በተዘረጋ መዳፍ ፊት እናቱ ትንፍሽ እንደማትል ያውቃል። ሜህሪ እንኳ ምን እንደተባለ ሳይገባት እንደ ሰዉ እጇን ዘርግታለች።

አያቷ ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን ያዘችና ወደ ጭኗ አወረደቻቸው።

«ሙላ፣ ጸሎቱን ለሞተችው ያድርጉላት» አለች። «ይቺ ገና አልሞተችም።»

«እማ፣ በሰው ፊት» አለ ቶይር በጥርሱ መሀል።

«በሰው ፊት ነው እንጂ። ሒሳብ ሠራተኛ ቅጠር፣ ደመወዙንም ክፈለው። ውድ የመሰለህ እህትህን በነጻ ስለለመድክ ነው።»

ነጋዴው መሬት መሬት አየ። ቱርሱኖይ፣ ሐዘን ነው፣ የምትለውን አታውቅም ብላ ለጎኗ ሹክ አለች። ሙላው የዘረጉትን መዳፍ ሳያጥፉ ዝግ ባለ ድምፅ ለሳኖባር ነፍስ ምሕረት ለመኑ። ግቢው «አሚን» አለ፤ መዳፎች ፊት ላይ አለፉ። ቶይርም ማንንም ሳያይ የራሱን ፊት ጠረገ።

ሆሺያት ነጻ እጅ አልነበራትም። ብትለቃቸው የሚነጥቋት ይመስል የልጅቱን እጆች እንደያዘች ነው። ቀስ ብላ አነሣቻቸውና የሜህሪን መዳፎች በገዛ ፊቷ ላይ አሳለፈቻቸው፤ ዓይኗ ላይ ሲደርሱ እዚያው ይዛ አቆየቻቸው።