ከቤተ ክርስቲያን ግማሽ ማይል የራቀ ቤት

በኮበርን ክሪክ አውራጃ ያለው ቀብር አስፈጻሚ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ የግዛታችን ምክር ቤት «በየአውራጃው የሱስ ሕክምና ክሊኒክ ይከፈት» የሚል ሕግ ሲያወጣ፣ ሊያለቅስ የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ቨርሊን ስታምፐር ነበርኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሕመም ማስታገሻ ኪኒንና የኪኒኑ ዘመድ በሆነ ዱቄት ሁሉ የሞቱ አርባ አንድ ሰዎች ቀብሬአለሁ። አብዛኞቹ ከክራባቴ በዕድሜ ያንሳሉ።

እኔ ግን ሕጉን በሬዲዮ ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ምክንያቴ የእህቴ ልጅ ክሪስታ ናት። እናቷን የቀበርኩት እኔ፣ ያሳደግኳትም እኔ። መጋዘን ውስጥ ስትሠራ ጀርባዋን ተጎዳች፣ ሐኪሙ ኪኒን ሰጣት፣ ኪኒኑ ደግሞ እሷን በሱስ ወሰዳት። ሁለት ጊዜ ከሞት አፍ ነጥቀናታል። አሁን የሱስ ማስለቀቂያ መድኃኒቷን ነርስ ፊት ቆማ ለመጠጣት በየቀኑ ሁለት ሰዓት ትነዳለች፣ ሁለት ሰዓት ነድታ ትመለሳለች። መኪናዋ የምትሄደው በነዳጅ ሳይሆን በጸሎት ነው።

«አጎቴ፣ ይቺ መኪና የቆመች ቀን እኔም አለቀልኝ» አለችኝ አንድ ቀን እየሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። የሬሳ ሣጥን የማሳይበት ክፍል ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ ሣጥን አለ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ተሽጧል» ማለት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያስቀመጥኩት ለእሷ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሕጉ ጭራ ነበረው። የእኛው ተወካይ ዴልበርት ሃኬት ክሊኒኩን ደግፎ እጁን ካወጣ በኋላ፣ «ከቤተ ክርስቲያን፣ ከትምህርት ቤትና ከመጫወቻ ሜዳ ግማሽ ማይል ይራቅ» የሚል አንቀጽ አስገባበት። እስከ መስከረም መጨረሻ ቦታ ያላገኘ አውራጃ ክሊኒኩ ይቀርበታል። ሃኬት ሞኝ አይደለም። አውራጃችን አንድ ወንዝና አንድ መንገድ ነው። ባፕቲስት ምእመኖቻችን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ይጣላሉ፣ በተጣሉ ቁጥርም አንድ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይወለዳል። ስልሳ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ደርሰናል።

የማዘጋጃ ቤቷ ሜቪስ ካርታ ዘርግታ፣ በእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ክብ ስትስል ዋለችና ደወለችልኝ።

«ቨርሊን፣ ና እስቲ ጉድህን እይ!»

ካርታው በክብ ላይ ክብ ተደራርቦበት ጠቁሯል። በሸለቆው መጨረሻ ብቻ አውራ ጣት የምታክል ነጭ ቦታ ተርፋለች።

«የማን ቤት ነው?» አልኳት።

«ያንተ ነዋ! ሬሳ አጠገብ መዘመር ማን ይፈልጋል?»

እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም።

ሃኬት ግን እጁን አልሰጠም። የአውራጃው ኮሚሽን አምስት አባላት ሊወስኑ በተሰበሰቡበት ቀን ብድግ አለ። «ቨርሊን ቤት የጸሎት ክፍል አለ፣ መስቀልም ተሰቅሎበታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው!» ብሎ ምስክር ጠራ። የተጠሩት ፓስተር ኢሚት ናቸው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ሟቾችን በስብከት የሸኙ ሰው። አለቀልን አልኩ።

«ፓስተር፣ እውነቱን ይንገሩን። እዚያ ክፍል ውስጥ አምልኮ ይካሄዳል?»

«እውነቱን ከፈለግክ አይካሄድም» አሉ። «እኔ ስሰብክ ግማሹ ሰዓቱን ያያል። ግማሹ ሟቹ ጠመንጃውን ለማን እንደተወ ያስባል። አሜን ስል ሁሉም ለለቀስተኛ ወደተዘጋጀው ድንች ሰላጣ ይሮጣል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፓስተሩ አልሳቁም።

«ባለፈው ጥር የልጅ ልጄን ከዚያ ክፍል ሸኘሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያን ቀን እኔ ራሴ አልጸለይኩም፣ የጣሪያውን ሰሌዳ ስቆጥር ነበር። መቶ አሥራ ሁለት ነው። ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ዴልበርት።»

ሃኬት ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ፣ ሰውዬ? የእንጀራ ገመድህን በገዛ እጅህ ትበጥሳለህ?»

«ደንበኛ አይጠፋብኝም፣ አትስጋ። አንተንም እቀብርሃለሁ» አልኩት። «እነዚህ ልጆች ግን አንድ ጊዜ እንኳ በእግራቸው ይምጡልኝ።»

ክሊኒኩ አራት ለአንድ አለፈ።

የሣጥን ማሳያዬ ክሊኒክ ሆነ። ሣጥኖቹን ሁሉ ወደ ጋራዥ ወሰድን። ሰማያዊውን ግን ማንሳት አቃተኝ፤ ለተሸካሚዎቹ ከባድ ነው አልኳቸው። የተመደበችልን ነርስ አንሶላ አልብሳ የወረቀት ኩባያዎቿን ደረደረችበት።

የመክፈቻው ዕለት ጠዋት ክሪስታ በዋናው በር ገባች። ነርሷ መድኃኒቷን ቀድታ ሰጠቻት። ክሪስታ የአንሶላውን ጫፍ በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ሣጥኑን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ያ ‹ተሽጧል› የምትለው... የኔ ነበር?»

ልዋሽ ፈለግኩ። ግን ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

አንሶላውን ለቀቀች።

«ሰማያዊ እንደማልወድ እያወቅክ፣ አጎቴ?» ብላ መድኃኒቷን ጭልጥ አደረገችና ባዶውን ኩባያ የሣጥኑ ክዳን ላይ አስቀመጠች። «ሽጠው። ነገ እመጣለሁ።»