የላቀው የክርስትና እናት

«የክርስትና ልጄን ስትቀብሩ ሰው አይላክብኝም?»

ከሟቹ የትውልድ መንደር ከጊች በእግራቸው የመጡት እማማ ስንዱ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሲሉ፣ ለሦስተኛ ቀን ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሹክሹክታውን አቆመ። ሹክሹክታው ስለ ፋንታዬ ነበር፤ በድንጋይ ናዳ የሞተውን ወንድሟን ለምን ብቻዋን ገነዘችው? ወንድ ገናዥ ለምን ከለከለች?

የቀበሌው ሊቀመንበር ያርጋል ቀና አለ። «ወንድ የክርስትና አባት እንጂ እናት ከየት ያመጣል?»

ፋንታዬ አሮጊቷን በሩ ሥር አስቀምጣ በጆሯቸው «እባክዎ ዝም ይበሉልኝ» አለች። ወንድሟን ላቀውን በእነዚህ ሰዎች አፍ ላለመጣል ስምንት ዓመት ለፍታለች።

ሲወለድ አዋላጇ በኩራዝ አይታ «ሴት ናት» አለች፤ ሦስት ጊዜ እልል ተባለ፤ እንደ ሴት በሰማንያ ቀኑ ተጠመቀ። የአንዲት አዋላጅ ችኮላ የዕድሜ ልክ ፍርድ ሆነ፣ ይግባኝም አልነበረውም። ታንጉት ተብሎ ጥጥ መፍተል ተማረ፤ ለባል ታጨ። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ግን ድምፁ ጎረነነ፣ ጢሙ በቀለ። አማቾቹ መጠርጠር ሲጀምሩ ፋንታዬ ሱሪ አልብሳ ደባርቅ አመጣችው። እዚህ ላቀው ተባለ፤ ድንጋይ ፈለጠ፤ በሩን ዘግቶ ግን ይፈትል ነበር። እጁ የለመደውን ማን ያስረሳዋል?

«ለብሔራዊ ውትድርና ሐኪም ፊት ልብስህን አውልቅ ሲባል ሁለቴ ጠፍቷል» አለ ያርጋል።

«ሊቀመንበር፣ ሬሳም ልትመለምል ነው?» አለች ጎረቤቷ ውቢት። አንድ ሁለት ሰው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

መምሬ ሀብተ ሚካኤል ወደ ፋንታዬ ጠጋ አሉ። «ለፍትሐቱ ገብረ ሥላሴ ብለሽኛል። የተጠመቀበት ስም ነው?»

«በሱ ቢጸልዩለት ምን ይሆናል?»

«ያልተጠመቀበትን ስም ጠርቼ ለማን ልጸልይ ነው? ወንድምሽን ያለ ጸሎት አታስቀሪው።»

ፋንታዬ ዐይናቸውን መረመረች፤ ምን እንደሚያስቡ ግን ልታነብበት አልቻለችም። ያርጋል አንገቱን አስግጓል። ወደ ቄሱ ጆሮ ጎንበስ ብላ «ወለተ ሥላሴ» አለች።

መምሬ ቀና አሉ።

«ማን አለችዎት?» አለ ያርጋል።

«የነፍስ ስም ነው። ለቀበሌ መዝገብ አይሆንም።»

ቄሱ ምሥጢሩን እስከ መቼ እንደሚጠብቁት ፋንታዬ አላወቀችም። ተነሥታ ሰው ሁሉ እያየ እማማ ስንዱን ከበሩ ሥር አነሣች፤ ከጎኗ አስቀምጣ የጋቢዋን እኩሌታ ጉልበታቸው ላይ ጣለችላቸው።