ሲኞር ብሩኖ ያዋሰን መኪና

ነጻ ነገር አልወድም። ከጣልያን እጅ ሲመጣማ፣ ወላሂ፣ አልነካውም።

ካሚዮናችን ደብረ ብርሃን መግቢያ፣ ኬላው ፊት ተበላሽቶ ቀጥ አለ። ወታደሮቹ ራሳቸው እየሳቁ ገፍተው ሲኞር ብሩኖ ጋራዥ አስገቡት። እኔና ባሌ አብዱልሀሚድ ከኋላ እየተከተልን ላብ አጠመቀን። የጫንነው የአሊዩ አምባ ጨው ነው፤ መቀመጫው ውስጥ ግን በገዛ እጄ የሰፋሁት ሁለት መቶ ጥይት አለ፣ መዘዞ በኩል ጫካ ለገባው ወንድሜ። ከተገኘ ይሰቅሉናል።

ብሩኖ ሞተሩን ከፍቶ አየና «ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ሦስት ቀን ይፈጃል» አለ፣ በአስተርጓሚው በወርቅአገኘሁ አፍ። ከዚያ የአንዲት ትንሽ መኪና ቁልፍ አቀበለን። «የእናንተ እስኪጠገን በዚህች ተጠቀሙ። ኪራይ የለውም።»

እንደወጣን «ምን አስቦ ነው?» አልኩት ባሌን።

«ለደንበኛ ሁሉ ይሰጣል አሉ፣ ኡሙሀኒ።»

«አንተ ሞኝ! የት የት እንደምንሄድ ሊያዩ ነው እንጂ!»

መኪናዋን ያረፍንበት ቤት በር ላይ አቁመን ሦስት ቀን ሙሉ አልነካናትም። እኔ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እየጠረጠርኩ እህል አልቀመስኩም። ያ ሳቂታ ወርቅአገኘሁ ደግሞ ሁለቴ በበራችን አለፈ። ባንዳ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋራዡ ሳንገባ የባሌን ክንድ ያዝኩ። «አደራህን፣ የጠየቀህን ክፈልና ውልቅ እንበል።»

ስፌቴን በካሚዮኑ መስኮት አየሁት፤ አልተነካም። አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ። ብሩኖ አራት መቶ ሊሬ ጠራ። ዝርፊያ ነው! ሌላ ቀን ቢሆን አብዱልሀሚድ እስከ ዙህር ሶላት ይከራከር ነበር። አሁን ግን ቆጥሮ ሰጠው።

ብሩኖ ገንዘቡን ይዞ ፈዘዘ። ወርቅአገኘሁ በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ጉድ! የአሊዩ አምባ ነጋዴ በመጀመሪያ ዋጋ ከፈለ! የተሰጠውንም መኪና አልነዳ፤ ምን ነካው?»

ቀልዱን ነበር። ግን የኬላው ሹም ሞተር ብስክሌቱን ሊያሠራ መጥቶ እዚያው ቆሟል። ምን እንደሚያስቅ ጠየቀ፤ ተተረጎመለት። እሱ አልሳቀም። ካሚዮኑን ዞሮ አየው፣ በሩን ከፈተ፣ ካራ አውጥቶ መቀመጫውን ቀደደ።

ጥይቱ መሬት ላይ ሲፈስ አብዱልሀሚድ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። «ይህችን ሴት አላውቃትም፤ ከመንገድ የጫንኳት ናት» አለ።

ወርቅአገኘሁ ሚስቱ መሆኔን ያውቃል። አንዴ አየኝ፤ ሳቁ ጠፍቷል። ከዚያ ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ ተረጎመው።

ባሌን አስረው ሲወስዱት ቆሜ አየሁ። አላለቀስኩም፤ የማላውቀው ሰው ነዋ። ክፈልና እንውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ!