መርዶ ያልደረሰው ቤት

የቤዛ ሥራ የሞቱ አየርላንዳውያንን መፈለግ ነው። ቀልድ አይደለም። ጆሃንስበርግ፣ ሳንድተን ውስጥ፣ መስታወት በመስታወት በሆነ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ይህንኑ ነው። አሜሪካ ያሉ ጡረተኞች ይደውሉና "ቅድመ አያቴ በረሃቡ ዘመን ከአየርላንድ በመርከብ መጣ ይባላል፤ መንደሩ የት ይሆን?" ይላሉ። ቤዛ የመርከብ መዝገብ ትከፍታለች፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ታገላብጣለች፤ ከሞተ መቶ ምናምን ዓመት የሆነውን ሰውዬ ከነእናቱ ስም፣ ከነተሳፈረበት ቀን አውጥታ ታስረክባቸዋለች። እነሱም ስልኩ ላይ ያለቅሳሉ።

እናቷ ዓለምወርቅ ይህን ነገር ሥራ ነው ብላ ለመቀበል አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። እሷ ቮስሎሩስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቋ የብረት ፍርግርግ ኋላ ተቀምጣ ዳቦና ላምባ ስትሸጥ የምትውል ሴት ናት፤ ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት "ኮምፒዩተር" ብላ ታልፋለች። አንድ ቀን ግን ቤዛ እየሳቀች ስለ አንዲት ደንበኛ ነገረቻት። አሮጊቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰቅላ የኖረችው ቅድመ አያት የሌላ ሰው ቅድመ አያት ሆኖ ተገኘ። ስሙ አንድ ነው፣ ሰውየው ሌላ።

"ታዲያ ምን አልሻት?" አለች ዓለምወርቅ።

"ሰረዝኩት። ሰውየው ካልሆነ ይሰረዛል፣ ሩል ነው።"

"ምናለ ብትተዪላት! ለምዳዋለች እኮ።"

"ማሚ፣ የሷ አይደለማ!"

ያን ቀን ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ።

ጥር ላይ የዑራኤል ሽማግሌዎች መጡ። ዑራኤል ቤዛ ልታገባው ቀን የምትቆጥርለት ልጅ ነው። ወላጆቹ ጆሃንስበርግ ሃያ ዓመት ቢቀመጡም ከደብረ ብርሃን ይዘውት ከወጡት ወግ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ከበሉ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የልጅቱ ዘር በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጠርላቸው ጠየቁ፤ ዝምድና እንዳይኖር ነው። የደብረ ብርሃን ሰውና የቤዛ አባት አገር የሆሳዕና ሰው የት ተገናኝቶ ይዛመዳል ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ያ ሰው ሽማግሌ አያውቅም።

በእናቷ በኩል ችግር አልነበረም። ዓለምወርቅ አዲስ አበባ ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ሻይ እስኪቀርብ ሰባቱም ተቆጠሩ። በአባቷ በኩል ግን ሁለት ብቻ ሆነ። ሟቹ አባቷ ደመቀ፣ የእሱ አባት አቢሶ። ከዚያ በላይ የለም። "ወገኖቹ ሁሉ አልቀዋል ይለኝ ነበር" አለች ዓለምወርቅ፤ ስትለው ለራሷ ጆሮም አልጣመም። ሽማግሌዎቹ ክፉ አልተናገሩም። ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን ብለው ተነሡ። ሲወጡ ግን እርስ በርስ ተያዩ። በሳልስቱ የዑራኤል እናት "ወገኗ ያልታወቀ ልጅ ቤቴ አላስገባም" ማለቷ ተሰማ። ቤዛም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች "የፈረንጁን ሁሉ አያት እያወጣሁ የራሴን አጣሁ" አለች።

እውነቱን ለመናገር ዓለምወርቅ ባሏን ብዙ አልጠየቀችውም። ሐበሻ በሚበዛበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ጂፒ፣ ተዋውቀው ሲጋቡ እሱ ገና ፔፐር፣ የጥገኝነት ወረቀቱን፣ ያወጣ ሰሞን ነበር፤ ፔፐሩ ላይ ደመቀ አቢሶ፣ ሆሳዕና ይላል። ታታሪ ነበር፣ ቁጥብ፣ ቤዛን ጫንቃው ላይ አስቀምጦ ሰፈሩን የሚያዞር አባት። የሆሳዕና ልጆች ሱቁ ፊት ቆመው በሀዲይኛ ሲያወሩ ግን ወደ ጓዳ ይገባል። ሰላም ቢሉት በአማርኛ መልሶ ያልፋል። ከአገሩ ሰው ጋር ተጣልቶ ይሆናል ብላ ተወችው። ብዙ ነገር እንዲህ እያለች ተወችው። ከአራት ዓመት በፊት ስኳሩ ጠንቶበት ሞተ፤ ቮስሎሩስ ቀበሩት፣ የድንጋይ ሐውልትም አቆሙለት።

ቤዛ የአባቷን ወረቀቶች ዘርግታ ስታገላብጥ ከፔፐሩ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አንድ ደብዳቤ አገኘች። ሆሳዕና አካባቢ ያለ የአንድ ገጠር አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለምእመኑ የጻፈው መሸኛ ነው። "ወንድማችን ደመቀ አቢሶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚጓዝ፣ በሄደበት ሁሉ በፍቅር እንድትቀበሉት" ይላል። ማኅተም አለበት፤ ፎቶ የለበትም። የመንደሩ ስምም ከነቀበሌው ተጽፏል።

"ማሚ፣ ይሄ እኮ ወርቅ ነው!" ብላ ዘለለች ቤዛ። ዓለምወርቅ ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበችው። ባሏ ደቡብ አፍሪካ በኖረበት ዘመን አንድም ቀን ቸርች አልሄደም። ታዲያ ይህን ለምን እንደ ታቦት ጠቅልሎ አስቀመጠው? የልጇን ደስታ ላለማበላሸት ግን ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችላት።

ቤዛ አጥቢያዋን በፌስቡክ ለማግኘት ሁለት ቀን አልፈጀባትም። ከዚያ ስልክ ቁጥር ተላከላት፤ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሆነው ደወሉ። ያነሣችው ፊቤ የምትባል ሴት ነበረች። ደመቀ አቢሶን ታውቂዋለሽ ስትባል ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ወንድሜ ነው። ሃያ አራት ዓመት! አለ እንዴ? አለ?"

ቤዛ በዚያች በለመደችው የሥራ ድምፅ፣ ለአየርላንዳውያኑ በምታወጣው የለሰለሰ ድምፅ፣ "ልጁ ነኝ። አባዬ ከአራት ዓመት በፊት ዐርፏል፤ ሶሪ" አለቻት። ዓለምወርቅ ስልኩን ልትነጥቅ እጇን ስትዘረጋ ቃሉ ወጥቶ አልቋል። መርዶ እንዲህ አይነገርም! ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በር አንኳኩቶ ነው። ከስልኩ ውስጥ ጩኸት ወጣ፤ ቀጥሎ የብዙ ሰው ጩኸት። ዓለምወርቅ በሕይወቷ እንዲያ ያፈረችበት ቀን የለም። ፍርግርጉ ላይ የቆመች ደንበኛ እንኳ "ማማ፣ ምን ሆናችሁ?" ብላ ዳቦዋን ሳትወስድ ቀረች።

የደመቀ አባት፣ አባባ አቢሶ፣ ሰማንያ አልፏቸዋል። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተጣለ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው አስደወሉና በሀዲይኛ ተናገሩ፤ ፊቤ ታስተረጉማለች። ልጄ ዘር ተክቶ ነው የሞተው፣ አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤዛ ስለ ሽማግሌዎቹ ስትነግራቸው ደግሞ አንድ ትንፋሽ ሳይወስዱ ቆጠሩላት። አቢሶ፣ ላምቤቦ፣ ሃንዲሶ፣ አኑሎ እያሉ ከሰባትም አልፈው ዐሥር አደረሷት። ቤዛ ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ሳመችው። ዓለምወርቅም ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች፤ በሞተ ባሏ ላይ ያደረባትን ጥርጣሬ አስባ ራሷን ወቀሰች።

ፊቤ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶ። እነሱ ያላቸው የልጅነቱ ነው፤ ጎልማሳ ሆኖ እንዴት እንደነበር ማየት ይፈልጋሉ። ቤዛ የተሻለውን መርጣ ላከች፤ አባቷ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክንዱን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ፈገግ ያለበትን።

መልስ ሳይመጣ ሁለት ቀን አለፈ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ በቪዲዮ ጠራ። ፊቤ ነበረች፤ ከኋላዋ ድንኳኑና የተደረደሩ አግዳሚዎች ይታያሉ። አላለቀሰችም።

"እህቴ፣ ይሄ ሰው ማነው?" አለች።

"ባለቤቴ ነዋ። ደመቀ።"

"ደመቀ አይደለም። ወንድሜን አላውቀውም እንዴ? አባቴም አይደለም ብሏል፣ አብሮ አደግ ጓደኞቹም አይደለም ብለዋል።" አንድ የደበዘዘ ፎቶ ወደ ስልኩ አስጠጋች። ጠቆር ያለ፣ ጆሮው ገለጥ ያለ፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ልጅ። ዓለምወርቅ ያንን ልጅ በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ቤዛ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ዓለምወርቅ ይቅርታ ትበል? ስለ ምን? ሰዎቹን አስለቅሳለች፣ ድንኳን አስጥላለች፣ ለማታውቀው ሰው ሚስት ሆና ኖራለች።

አባባ አቢሶ ስልኩን ተቀበሉ። ፊታቸው አጠገብ ድረስ አስጠግተውት ስለነበር ዓይናቸውና ነጭ ቅንድባቸው ብቻ ነው የሚታየው። ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ፊቤ አስተረጎመች።

"ልጄ፣ አልቆጣሽም። ደብዳቤውን ልጄ ከደረት ኪሱ አይለየውም ነበር። ባልሽ እጅ ከገባ አብረው ነበሩ ማለት ነው። አንዳች ነገር አልነገረሽም? በእንቅልፉም ቢሆን?"

"ምንም አልነገረኝም አባባ።" ልታቆም ነበር። ግን የሽማግሌው ዓይን አልተነቀለባትም፤ ያላት ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። "መስኮት ዘግቶ አይተኛም ነበር። በሐምሌ ብርድ እንኳ። አንዴ የዳቦ መኪና ውስጥ ገብቶ ሳለ በሩ ከውጭ ተዘጋበት፤ እስኪከፈትለት እጁ እስኪደማ ደበደበው። ከዚያ ሦስት ቀን ቃል አልወጣውም።"

ፊቤ ለማስተርጎም ጊዜ ወሰደባት። ሽማግሌው ሲሰሙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ነጭ ኮፍያቸው ብቻ ቀረ። ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው መንገድ ስንት ልጅ በዝግ መኪና ተጭኖ፣ ታፍኖ እንደቀረ ሆሳዕና ውስጥ የማያውቅ አባት የለም።

በመጨረሻ ቀና አሉ። "እኛ ድንኳኑን አናፈርስም። የተለቀሰው ለልጄ ነው፤ በመንገድ እንደቀረ አሁን ገባን። ልጅቱም ስሙን ተሸክማ ኖራለች፤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደውሉልኝ፣ እኔ እቆጥርላታለሁ።"

ዓለምወርቅ እግራቸው ላይ መውደቅ አማራት። ወደ ልጇ ዞረች፤ እሺ በዪ፣ እሺ በዪ አለች በዓይኗ። ቤዛ ግን ዐሥሩ ስሞች ያሉበትን ወረቀት እያየች በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ይወርዳል።

"የኔ አይደሉም አባባ" አለች። "የሌላ ሰው ናቸው። አመሰግናለሁ።" እስክሪብቶ አነሣችና ከአቢሶ ጀምራ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው።

"ማሚ" አለች ቀና ሳትል፣ "የአባቴ ስም ማነው?"

ዓለምወርቅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ተኝታለች፤ ምን ዓይነት ወጥ እንደሚወድ፣ የቱ ጉልበቱ እንደሚያመው ታውቃለች። ይህን አታውቅም። የምትጠይቀውም ሰው በምድር ላይ የለም።

አባባ አቢሶ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው ልመና ነበር። የልጄ ስም የተጻፈበት መቃብር እዚያ ብቻ ነው፣ ድንጋዩን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፣ አሉ። ሁለተኛውን ፊቤ አስተረጎመች።

"እኛስ ተረዳን ይላል አባቴ። የባልሽን እናት ግን ማን ያርዳት? አሁንም በር በሩን ታይ ይሆናል።"

በማግሥቱ ሱቁን ዘግተው ወደ መቃብሩ ሄዱ። ቤዛ ድንጋዩን ፎቶ አነሣች፤ ስሙ በደንብ እንዲታይ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ደግማ አነሣች፣ ላከችም። ዓለምወርቅ ተንበረከከች። ልታለቅስ ነው የመጣችው፤ አገሯ እያለች እንዳየችው፣ ሟቹን በስሙ እየጠራች፣ ወይኔ እገሌ እያለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ወይኔ…" አለች።

ጠበቀች። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ስም አልነበረም። እንደገና "ወይኔ…" አለች፣ እንደገናም፤ ቤዛ ከጎኗ መጥታ እስክትይዛት ድረስ ከዚያች ቃል አላለፈችም።