አማትና ምራት ኮሌጅ ሲገቡ

እናቴና ሚስቴ አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር፤ ስለ በቆሎ ዳቦ ግን አንድ ቀን እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ሚስቴ ታንዚ ሊጡ ላይ ስኳር ትጨምራለች። እናቴ አርዲስ ደግሞ የበቆሎ ዳቦ ላይ ስኳር የሚጨምር ሰው ኬክ መጋገር አቅቶት ነው ባይ ናት። እኔ የሁለቱንም እበላለሁ፤ ሁለቱም በዚህ ይቀየሙኛል።

የምንኖረው ምሥራቅ ኬንተኪ፣ ከሸለቆው መጨረሻ፣ አባቴ የድንጋይ ከሰል ይቆፍር በነበረበት ጊዜ በሠራው ቤት ነው። አባቴ ኤስቲል የከሰሉ ብናኝ ሳንባውን ጨርሶት ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። የመጨረሻዎቹን ወራት የተነፈሰው በማሽን ነው። ከከተማ እየመጣች ማሽኑን የምታስተካክልለት አንዲት ባለሙያ ነበረች፤ እሷ በመጣች ቁጥር ታንዚ ከአጠገቧ አትጠፋም። ይሄ ቱቦ ምን ይሠራል? ይሄ ቁጥር ሲወርድ ምን ማለት ነው? ኋላ ኋላ አባቴ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚጠራው እኔን ልጁን ሳይሆን ታንዚን ሆነ።

ስለዚህ በጸደይ ወራት አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቦሎቄያችንን እየበላን ሳለ ታንዚ ሹካዋን አስቀምጣ "ኮሌጅ ልገባ ነው" ስትል ብዙም አልገረመኝም።

"የምን ኮሌጅ?" አለች እናቴ።

"እዚሁ ከተማ ያለው። የመተንፈሻ ሕክምና ያስተምራሉ። ሁለት ዓመት ነው።"

"ገንዘቡስ? ከዚያ ሱቅ የምታገኚው ለቤንዚን እንኳ አይበቃም።" ታንዚ መንገድ ዳር ባለ ርካሽ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነበረች።

"መንግሥት የትምህርት ድጎማ ይሰጣል። ማመልከት ነው እንጂ። ሐሙስ ኮሌጁ ውስጥ ቅጹን የሚያስሞሉ ሰዎች አሉ።"

"ወይ መንግሥት! እስቲ መንግሥት ዝም ብሎ የሰጠውን አንድ ሰው አሳዪኝ። ዛሬ ያስፈርሙሻል፣ ነገ መጥተው ቤቴን ይወስዱታል።"

"ቤቱን ማን ይፈልገዋል እማማ አርዲስ? ጣሪያው እንኳ ያፈሳል።"

እኔ አንገቴን ደፍቼ ምግቤን ቀጠልኩ።

ችግሩ መኪና ነበር። ታንዚ ያለፈው ክረምት የተራራው መንገድ ላይ በበረዶ ተንሸራታ ገደል አፋፍ ላይ ከቆመች ወዲህ መሪ ጨብጣ አታውቅም። እኔ የጭነት መኪናዬን ይዤ ማለዳ ወደ እንጨት መሰንጠቂያው እሄዳለሁ። የቀረችው እናቴ ናት። እሷ ደግሞ ያቺን አሮጌ መኪናዋን እንደ ፈረስ ነው የምትጋልባት። ለመንኳት።

"አደርሳታለሁ" አለች በመጨረሻ። "ግን አንዲት ወረቀት አልፈርምም። እወቀው ዶይል።"

ሐሙስ ዕለት መጋዙ ተበላሽቶ ከሥራ በጊዜ ስለለቀቁን እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አብሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሁለቱ ከፊት ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

አዳራሹ ውስጥ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ፒዛ አለ። የተቀበለችን ሮንዳ ስተርጊል የምትባል የኮሌጁ የድጎማ አማካሪ ናት፤ ከእኛ ማዶ ካለው ሸለቆ የተወለደች፣ ሳቋ ከበር ውጭ የሚሰማ ሴት። ታንዚን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ እየጠየቀች ታስሞላት ጀመር።

"ባለትዳር ነሽ? በቃ፣ የእናት አባትሽን ገቢ አንፈልግም። ያንቺና የባልሽ ብቻ ነው። ቤተሰባችሁ ስንት ነው?"

"ሁለት" አለች ታንዚ።

ከኋላ ቆማ ፒዛ የምታኝከው እናቴ ማኘኳን አቆመች። "ሁለት? እኔ የት ሄድኩ?"

ሮንዳ ዞር ብላ አየቻት። "እርስዎ የሚተዳደሩት በነሱ ነው ወይዘሮ?"

"የባሌ አበል አለኝ። የማንንም እጅ አይቼ አላውቅም።"

"እንግዲያው ከነሱ ጋር አይቆጠሩም።"

"በገዛ ቤቴ? እነሱ እኮ ናቸው እኔ ቤት የሚኖሩት!"

"መቆጠር ከፈለጉ የራስዎን ይሙሉ" አለች ሮንዳ እየሳቀች። "ወንበር ሞልቷል። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰዋል?"

"በደንብ አድርጌ!"

"ታዲያስ። ዕድሜ የሚከለክል ነገር የለም።"

ታንዚ ያን ጊዜ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። "እማማ አርዲስ ደብተር ይዘው!" ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

እናቴ የፒዛውን ሳህን ለእኔ አቀበለችኝና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሮንዳ ለሁለቱም አንድ ላይ አስረዳቻቸው። ከድጎማው አብዛኛው ስጦታ ነው፤ እየተማሩ እስካለፉ ድረስ መልሱ የሚል የለም። ብድርም ይቀርባል፤ የማይፈልግ ሰው አልቀበልም ማለት ይችላል። መሃል ላይ ትምህርቱን ጥሎ የሚሄድ ግን ከወሰደው የተወሰነውን ይመልሳል። እናቴ የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።

"ምን መማር ነው የሚፈልጉት?" አለቻት ሮንዳ።

እናቴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የትምህርት ዓይነት ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበበች። "ብየዳ" አለች።

"እማዬ!" አልኩ።

"ምን እማዬ ትላለህ? አባትህ ነፍሱን ይማርና እሱ የበየደው ነገር ሁሉ ሳምንት አይቆይም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆሜ 'እንደሱ አይደለም' እያልኩ ነው የኖርኩት። እንግዲህ እንዴት እንደሆነ ልየው።"

ሲመለሱ ዝም አላሉም። "የሳቅሽብኝን አልረሳውም" "እኔ እኮ በርስዎ አይደለም የሳቅኩት" እየተባባሉ ተራራውን ጨረስነው።

የታንዚ መልስ ቀድሞ መጣ፤ ድጎማው ተፈቅዶላታል። በረንዳው ላይ አንስቼ አሽከረከርኳት፤ እናቴም ቀዝቀዝ አድርጋ "ጥሩ ነው" አለች። የእናቴ ግን ማረጋገጫ ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት የግብር ወረቀት ላይ ከአባቴ ጋር ባልና ሚስት ተብለው ነው የተመዘገቡት፤ ቅጹ ላይ ግን ባሌ ሞቷል ብላለች። የሞት ምስክር ወረቀቱን አምጪ አሏት።

እናቴ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "ይቅር። ኤስቲልን አንዴ ቀብሬዋለሁ። ሰው ፊት ቆሜ እንደገና አልቀብረውም።" ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ታንዚ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥታ መኪናው አጠገብ ቆማ አገኘናት።

"እርስዎ መንዳት ብቻ ነው" አለቻት። "ወረቀቱን እኔ እሰጣለሁ። አንዲት ቃል መናገር የለብዎትም።"

እናቴ ቁልፏን አነሣች።

የሆነውን እናቴ ናት በኋላ የነገረችኝ፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። ሮንዳ አልነበረችም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥራው ስለሆነ "ሟች ምንዎ ናቸው?" ብሎ ጠየቃት። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን እምቢ አላት። ታንዚ ናት ጎንበስ ብላ የመለሰችው። "ባላቸው ናቸው። የእኔም አባት ነበሩ" አለችው።

"የእኔም አባት አለች" አለችኝ እናቴ ድስቱን እያማሰለች።

ከዚያ የእናቴም መልስ መጣ፤ ተፈቅዶላታል። የመጣ ዕለት ማን ቀድሞ እንደጮኸ አላውቅም፤ እኔ ከሥራ ስገባ ሁለቱ ተቃቅፈው ወጥ ቤቱ ውስጥ ይዘላሉ፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሲያዩኝ ተላቀቁ።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ተጀመረ። ክፍያው በቀጥታ ከድጎማው ይቀነሳል፤ መጽሐፉንና ዕቃውንም ከኮሌጁ ሱቅ በዚያው ሒሳብ ይወስዳሉ። ታንዚ ነጭ ጫማና የልብ ማዳመጫ ይዛ መጣች፤ በዚያ ምሽት የእኔን፣ የእናቴንና የውሻውን ልብ አዳመጠች። እናቴ ፊት የሚሸፍን የብየዳ ቆብ፣ የቆዳ ጓንትና ከባድ ጫማ ይዛ መጣች፤ ቆቡን አድርጋ መስታወት ፊት ስትቆም "እስቲ ማን ይደፍረኛል!" አለች ከውስጥ። ከድጎማው የተረፋት ገንዘብ ባንክ ሒሳቧ ሲገባ ሮንዳ ጋ ሄዳ "በዚህ የመኪና ጎማ ብገዛ ያስሩኛል?" ብላ ጠየቀች።

"ያለ ጎማ በምን ይመጣሉ?" አለቻት ሮንዳ። "ይግዙ!"

እናቴን እንዲያ አይቻት አላውቅም። የተቃጠለ ብረት እየሸተተች፣ ክንዷ ላይ የብልጭታ ነቁጥ ይዛ ትገባለች። መጀመሪያ ላይ የምትበይደውን ሁሉ ትበሳዋለች። አብረዋት የሚማሩት የልጅ ልጅ የሚሆኗት ጎረምሶች "ሚስ አርዲስ፣ ወንፊት ነው እንዴ የሚሠሩት?" እያሉ ያበሽቋታል፤ እሷም "የናንተን ቀዳዳ ጭንቅላት ልደፍንበት ነው" ትላቸዋለች። አንድ ቀን ሁለት የብረት ሰሌዳ በቀጥተኛ መስመር አጋጥማ አመጣችና ራት ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው። እየተቀባበልን አየነው። በመዶሻ ብመታው አልተላቀቀም።

ጥቅምት ላይ ግን ታንዚ የሰውነት ክፍሎች ፈተና ወደቀች። በጣም ነው የወደቀችው። ቤት ገብታ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው።

"አቋርጣለሁ። ሱቁ አሁንም ይቀበለኛል። እኔ ለዚህ የተፈጠርኩ አይደለሁም።"

ላባብላት ስል እናቴ በእጇ አስቆመችኝ።

"አቋርጪ" አለቻት። "ከዚያ የወሰድሽውን መልሺ ሲሉሽ በምን ትመልሻለሽ? ሮንዳ ስትናገር እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር?"

"እማማ አርዲስ፣ አሁን አይቆጡኝ።"

"አልተቆጣሁም። እኔስ? እዚያ ተራራ ላይ ብቻዬን ልነዳ ነው? ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?" ከዚያ ጎንበስ ብላ ቦርሳውን አነሣችና መጽሐፉን አወጣች። "የትኛው ነው ያስቸገረሽ?"

"አጥንቶቹ። ሁሉም።"

"በይ ከነገ ጀምሮ መኪና ውስጥ አጥንት ነው የምንቆጥረው።"

እንዳለችውም አደረጉት። ታንዚ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጠይቃለች፣ እናቴ እየነዳች ትመልሳለች፤ የምትጠራው ስም ሁሉ የተጣመመ ነው። ታንዚ በሳቅ እየፈረሰች ታርማታለች፤ ያረመችውን ደግሞ አትረሳውም። ቤት ገብተውም አያቆሙም። እናቴ በጭልፋ ትከሻዬን እየነካች "ይሄስ?" ትላለች። መሰንጠቂያው ጋ ግንድ ስጎትት እንኳ ሳላውቀው የእጅ አንጓ አጥንቶችን ስም አንጎራጉር ነበር። ቀጣዩን ፈተና ታንዚ አለፈች፣ ለጥቂት። የሚቀጥለውን በደንብ አለፈች። ዋናው ግን የታኅሣሡ ነበር፤ እሱን ካላለፈች ድጎማውም ትምህርቱም አደጋ ላይ ነው።

ውጤቱ የሚወጣ ቀን እኔ ቤት ነበርኩ። ሸለቆአችን ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጠበቅ በቀር ምንም ማድረግ አልችልም። እንጨት ፈለጥኩ። ያልተበላሸ ቧንቧ ፈትቼ መልሼ ገጠምኩ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከሸለቆው አፍ፣ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። አያቆምም። እየቀረበ ሲመጣ የየቤቱ ውሻ አብሮ መጮህ ጀመረ፤ ጎረቤቶች እሳት የተነሣ መስሏቸው በረንዳ በረንዳቸው ላይ ወጡ።

መኪናዋ ጭቃ እየረጨች ኩርባውን ዞረች። ታንዚ እስከ ወገቧ ድረስ በመስኮቱ ወጥታለች፣ ፀጉሯ በነፋስ ይውለበለባል።

"አለፍኩ! ዶይል፣ አለፍኩ! ሁሉንም!"

ከመስኮቱ ስቤ ላወጣት ስሞክር ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን። እናቴ ጥሩምባውን አሁንም እንደተጫነች ናት።

"ያንቺስ እማዬ?" አልኳት እየጮህኩ።

"የኔማ!" አለች እጇን አንሥታ። "መምህሩ እኔ የበየድኩትን ክፍል ውስጥ ሰቅሎታል። እነዚያ ጎረምሶች መጥተው እንዲያዩት!" ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ይስቁ ነበር። ታንዚም ከጭቃው ተነሥታ በመስኮቱ አንገቷን አቀፈቻት፤ እናቴም ጉንጯን ሳመቻትና "አሸናፊዋ ልጄ" አለቻት።

ከዚያ ታንዚ ድንገት ቀጥ አለች።

"እማማ አርዲስ! ለሚቀጥለው ሴሚስተር ተመዘገብን እንዴ?"

"ውጤቱን እንዳየን አይደል የወጣነው?"

"የመመዝገቢያው መጨረሻ እኮ ዛሬ ነው!"

"ግቢ! ግቢ በሩን ዝጊ!" አለች እናቴ መኪናውን ወደ ኋላ እየመለሰች። ታንዚ በዚያ በጭቃ ቀሚሷ ዘልላ ገባች፤ እኔም ምን እንደማደርግ ሳላውቅ የኋላውን በር ከፍቼ ተወረወርኩ። ጎረቤቶቻችን ገና በረንዳቸው ላይ እንደቆሙ፣ ጥሩምባ እየነፋን በመጡበት መንገድ ወደ ከተማ በረርን።